ሞሪንሆም ላምፓርድም ሁለት ጊዜ መጡ፤ የቀድሞ አሰልጣኝ ሲመለስ ደጋፊ ምን ሊሰማው ይገባል?

ጠያቂ፦ ሰማያዊ ልብ

የተከበራችሁ የእግር ኳስ ወዳጆች፣ ለዓመታት በውስጤ ሲመላለስ የቆየ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። የቼልሲ ደጋፊ ነኝ። ክለቤ አንድ ጊዜ የተለያያቸውን አሰልጣኞች መልሶ ሲቀጥር ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ከእነዚህም መካከል በ2013 የተመለሰው ጆዜ ሞሪንሆና በ2023 የተመለሰው ፍራንክ ላምፓርድ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዛሬም ድረስ ደስታዬን ከቅሬታዬ ለይቼ ልናገርላቸው ያልቻልኩ ሰዎች ናቸው።

ነገሩን ከመነሻው ልጀምር። ሞሪንሆ በ2004 ክረምት ከፖርቶ ሲመጣ ቼልሲ የሊጉን ዋንጫ ካነሳ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነበር። በመጀመሪያው የውድድር ዘመን 95 ነጥብ ሰብስቦ፣ በ38 ጨዋታ 15 ግብ ብቻ ተቆጥሮበት ሻምፒዮን ሆነ፤ በማግስቱ ዓመትም ደገመው። እኛን ደጋፊዎቹን ግን ከዋንጫው በላይ የማረከን ሰውየው ለክለቡ የሚቆምበት መንገድ ነበር። ሌሎች በገንዘብ የተገዛ ቡድን እያሉ ሲያጣጥሉን፣ እርሱ ዱላውን ሁሉ በራሱ ላይ እየተቀበለ ተጫዋቾቹን ይከልል ነበር። በሴፕቴምበር 2007 በሜዳችን በስታምፎርድ ብሪጅ ከኖርዌዩ ሮዘንቦርግ ጋር አንድ ለአንድ ከተለያየን በኋላ በቀናት ውስጥ ከክለቡ መለያየቱ ሲነገር፣ አባወራው ጥሎት የሄደ ቤት ውስጥ የቀረሁ ያህል ነበር የከፋኝ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ስድስት ዓመታት ሌሎች አሰልጣኞች ዋንጫ አመጡልን፤ በ2012 ሻምፒየንስ ሊጉን እንኳ ያነሳነው በሮቤርቶ ዲ ማቴዎ ዘመን ነው። ያም ሆኖ በየጨዋታው መሐል የሞሪንሆ ስም መዘመሩን አላቆመም። ዲ ማቴዎ በተሰናበተ ጊዜ በቦታው የተተካው ራፋኤል ቤኒቴዝ በሊቨርፑል ሳለ ስለ ክለባችን በተናገራቸው ንግግሮች ምክንያት ደጋፊው ፈጽሞ አልተቀበለውም ነበርና፣ በጁን 2013 ሞሪንሆ ሲመለስ የተሰማን ደስታ ከእፎይታ ጋር የተቀላቀለ ነበር። በ2015 ሊጉንና ሊግ ካፑን አነሳን። ከሰባት ወር በኋላ ደግሞ በ16 የሊግ ጨዋታ 9 ጊዜ ተሸንፈን፣ ከወራጅ ቀጠናው በአንድ ነጥብ ብቻ ርቀን 16ኛ ደረጃ ላይ ሳለን ተሰናበተ። ከስንብቱ በፊት በነበረው የሌስተር ጨዋታ ማብቂያ ላይ ሥራዬ ተከዳ ብሎ ሲናገር የሰማሁት ያ ሰው፣ በ2004 ዱላውን ለተጫዋቾቹ ሲቀበል ያየሁት ሰው መሆኑን ለማመን ከበደኝ።

የላምፓርድ ደግሞ በሌላ በኩል ያመኛል። በ211 ግቦች የክለባችን የምንጊዜም ከፍተኛ ግብ አስቆጣሪ ነው። በ2019 አሰልጣኝ ሆኖ ሲመጣ ክለቡ ተጫዋች እንዳያስፈርም ታግዶ ነበር፤ ያም ሆኖ ወጣቶችን አሰልፎ አራተኛ ሆኖ ጨረሰ። በጃንዋሪ 2021 ተሰናበተ፤ በኤፕሪል 2023 ደግሞ የውድድር ዘመኑ እስኪጠናቀቅ ድረስ በጊዜያዊነት እንዲይዘን ተጠራ። በ11 ጨዋታ አንድ ጊዜ ብቻ አሸንፎ፣ ሁለት ጊዜ አቻ ወጥቶ፣ ስምንት ጊዜ ተሸነፈ። እያንዳንዱን ሽንፈት ስመለከት የተበሳጨሁት በውጤቱ ብቻ አልነበረም፤ በልጅነቴ የወደድኩት ሰው ተቀያሪ ወንበሩ ፊት ለፊት ቆሞ የሚያደርገው ሲጠፋው በማየቴም ጭምር ነበር።

ጥያቄዬ ይህ ነው። እነዚህ ሰዎች ባይመለሱ ይሻል ነበር ትላላችሁ? የእናንተስ ክለብ የቀድሞ አሰልጣኙን ሲመልስ ምን ተሰማችሁ? በመጨረሻስ የነበራችሁ ፍቅር ተረፈ ወይስ አብሮ ሄደ?


መልስ፦ ቁጥር ስምንት

ወንድሜ ሰማያዊ ልብ፣ እኔም እንዳንተው የቼልሲ ደጋፊ ነኝ፤ ሁለቱን መመለሶች በአንድ ሚዛን ማስቀመጥህ ግን ትክክል አይመስለኝም።

የላምፓርድ ሁለተኛ ቆይታ መመለስ ተብሎ ሊጠራ የሚገባው ነገር አይደለም። ክለቡ በአንድ የውድድር ዘመን ቶማስ ቱሄልንና ግሬም ፖተርን አሰናብቶ፣ ከሰላሳ በላይ ተጫዋቾች በሞሉት መልበሻ ክፍል ውስጥ ማን ቋሚ ማን ተቀያሪ እንደሆነ ሳይለይ፣ ሁለት ወር ለማይሞላ ጊዜ የሚወደድ ፊት ሲፈልግ ነው የጠራው። ቅድመ ዝግጅት አልነበረውም፤ የሚያስፈርመው ተጫዋች አልነበረም፤ ከሻምፒየንስ ሊጉ ሩብ ፍጻሜም ያስወጣን በሁለቱም ጨዋታዎች ሁለት ለዜሮ ያሸነፈን ሪያል ማድሪድ ነው። ደጋፊው በአዲሶቹ ባለቤቶች ላይ የነበረውን ቁጣ እንዲያበርድ በቁጣው ፊት ያቆሙት የገዛ ጀግናችንን ነበር። ለዚህ ነው ቂሜን በእርሱ ላይ ማድረግ ያልቻልኩት፤ ሲጠራ እምቢ ማለት የማይችል ሰው መሆኑን እያወቁ ነው የጠሩት።

የሞሪንሆ ግን እውነተኛ መመለስ ነበር፤ እኔ ደግሞ ተሳክቷል ከሚሉት ወገን ነኝ። በ2014 ክረምት ሴስክ ፋብሪጋስንና ዲዬጎ ኮስታን አመጣ፤ ኮስታ በሊጉ 20 ግብ አስቆጠረ፤ ፋብሪጋስ 18 ግብ የሆኑ ኳሶችን አመቻቸ፤ ኤደን ሀዛርድ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። በ87 ነጥብ፣ ሦስት ጨዋታ ሲቀረን ሻምፒዮን ሆንን። በዚያ ቡድን ውስጥ ከ2005ቱ ሻምፒዮኖች መካከል ጆን ቴሪ፣ ፒተር ቼክና እንደ አሰልጣኙ ሁሉ ተመልሶ የመጣው ዲዲየር ድሮግባ ነበሩ። ይህን ሁሉ በመጨረሻዎቹ አራት ወራት ምክንያት መሰረዝ ፍትሐዊ አይደለም።

ይሁን እንጂ ስለ መጀመሪያው ዘመን ያለን ትዝታ ራሱ ሙሉ አይመስለኝም፤ ብዙ ጊዜ የማይነሳውን ነገር እዚህ ላይ ማንሳት እፈልጋለሁ። ሞሪንሆ በ2004 ሲመጣ ባዶ ቤት አልተረከበም። ክላውዲዮ ራኒየሪ በ2003/04 ቡድኑን ሁለተኛ አድርጎ፣ በሻምፒየንስ ሊጉ እስከ ግማሽ ፍጻሜ አድርሶ ነበር የሄደው። ቴሪ፣ ላምፓርድና ክሎድ ማኬሌሌ በቦታው ነበሩ፤ የቼክና የአርየን ሮበን ዝውውርም የተጠናቀቀው ከእርሱ መምጣት በፊት ነው። ሞሪንሆ የተዘጋጀውን ድንጋይ አንስቶ ቤት ገነባ፤ ይህም ትልቅ ችሎታ ነው። በ2013 ሲመለስ ግን ድንጋዩን ራሱ እንዲያዘጋጅ ነበር የሚጠበቅበት፤ ክለቡ ከወጣቶች ጋር አዲስ ቡድን እንዲሠራ ይፈልግ ነበር። እርሱ ደግሞ የሁለት ተከታታይ ዓመታት የክለቡ ምርጥ ተጫዋች የነበረውን ጁዋን ማታን በጃንዋሪ 2014 ለማንቸስተር ዩናይትድ እንዲሸጥ ፈቀደ፤ በዚያው ወር ኬቪን ዴብሩይነ ወደ ቮልፍስቡርግ ሄደ፤ በክረምቱ ሮሜሉ ሉካኩ ለኤቨርተን ተሸጠ፤ መሐመድ ሳላህም በ2015 መጀመሪያ በውሰት ወደ ፊዮረንቲና ተላከ። ያኔ እነዚህ ልጆች በየሄዱበት የደረሱበት ደረጃ ላይ እንደሚደርሱ ማንም በእርግጠኝነት አላወቀም ማለት ይቻላል። የእኔ ቅሬታ ግን በስህተቱ አይደለም፤ ሰውየው ለመጠበቅ ጊዜ አለኝ ብሎ አለማሰቡ ነው። ለረጅም ጊዜ እንቆያለን ተብሎ የተጀመረው ነገር በሦስተኛው ዓመት ፈረሰ።

ወንድሜ፣ የመጨረሻ ጨዋታው ያንተን ያህል እኔንም ያመኛል፤ ግን በሌላ ምክንያት ነው። በዲሴምበር 14 ቀን 2015 ሌስተር ሁለት ለአንድ ሲያሸንፈን በተቃራኒው ወንበር የነበረው ራኒየሪ ነው። ሞሪንሆ ያንን የቤት መሠረት የተረከበው ከእርሱ ነበር። በዚያ ምሽት የራኒየሪን ስም ያነሳ የቼልሲ ደጋፊ ብዙም አላጋጠመኝም፤ ይህ ደግሞ ማንን እንደምንናፍቅና ማንን እንደምንረሳ የመረጥነው በምን እንደሆነ ደጋግሜ እንድጠይቅ አድርጎኛል።


መልስ፦ ቀዩ ደጋፊ

ጠያቂው ሆይ፣ የሊቨርፑል ደጋፊ ስለሆንኩ በሞሪንሆ ጉዳይ ከእርስዎ ጋር ብንነጋገር ብዙም አንስማማ ይሆናል፤ ስለ ኬኒ ዳልግሊሽ ግን ልንገርዎ፤ ፍቅሩ ተረፈ ወይ ላሉት እኔ ያለኝ መልስ እርሱ ነውና።

ዳልግሊሽ ከ1985 ጀምሮ ተጫዋችም አሰልጣኝም ሆኖ ሦስት የሊግ ዋንጫ አንስቷል። ግን በእኛና በእርሱ መካከል ያለው ነገር በዋንጫ የሚቆጠር አይደለም። በኤፕሪል 1989 በሂልስቦሮ ስታዲየም የደረሰው የመጨናነቅ አደጋ 97 ደጋፊዎቻችንን ሲቀጥፍ፣ እርሱና ባለቤቱ በየቀብሩ እየተገኙ፣ ከቤተሰቦቹ ጋር እየተቀመጡ አለቀሱ። ያ ሸክም በመጨረሻ ጎዳው፤ በፌብሩዋሪ 1991 ከኤቨርተን ጋር አራት ለአራት ከተለያየን በኋላ በድንገት ለቀቀ። ማንም አላሰናበተውም፤ እርሱም አልከዳንም። በእኛ ዘንድ ያ ቦታ ሃያ ዓመት ሙሉ ክፍት ሆኖ ቆየ ብል አላጋነንኩም።

በጃንዋሪ 2011 ሮይ ሆጅሰን ሲሰናበት ቡድናችን 12ኛ ደረጃ ላይ ነበር፤ ደጋፊውም ከወራት በፊት ጀምሮ የዳልግሊሽን ስም እየጠራ ይዘምር ነበር። መጣ፤ ስድስተኛ አድርጎ ጨረሰ። በቀጣዩ ዓመት በሊግ ካፑ ፍጻሜ ካርዲፍን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፈን፣ ከ2006 ወዲህ የመጀመሪያ የሆነውን ዋንጫ አነሳን። በኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜም ደረስን፤ ያሸነፋችሁን እናንተ ነበራችሁ፣ ሁለት ለአንድ። በሊጉ ግን ስምንተኛ ሆንን፤ በ35 ሚሊዮን ፓውንድ የመጣው አንዲ ካሮል ግብ ማስቆጠር ተሳነው፤ ሉዊስ ሱዋሬዝ በዘረኝነት ንግግር ስምንት ጨዋታ በተቀጣ ጊዜም ዳልግሊሽ ተጫዋቹን የተከላከለበት መንገድ ብዙዎቻችንን አሳፍሮናል፤ ይህን መሸሸግ አልፈልግም። በሜይ 2012 ተሰናበተ።

እውነቱን ለመናገር ሲመለስ ፈርቼ ነበር። ለሃያ ዓመት እንዳማረ የቆየ ሰው በአንድ መጥፎ ዓመት እንዳይበላሽ ነበር ፍርሃቴ። የሆነው ግን የፈራሁት አይደለም። ሲሰናበት የተጮኸበት የለም፤ እርሱም ክለቡን የሚያስቀይም ቃል አልተናገረም። በ2017 በሜዳችን በአንፊልድ ከሚገኙት የመቀመጫ ክፍሎች አንዱ በስሙ ተሰየመ፤ ዛሬም ጨዋታ ለማየት ሲመጣ ይጨበጨብለታል። እኔ ከዚህ የተረዳሁት፣ ሁለተኛው ቆይታ የመጀመሪያውን የሚያጠፋው በሽንፈት ሳይሆን በአወጣጥ መሆኑን ነው። የእርስዎ ሞሪንሆ በ2015 ሥራዬ ተከዳ ባይል ኖሮ፣ 16ኛ ደረጃውን ዛሬ ያን ያህል ያስታውሱት ነበር ብለው ያስባሉ?


መልስ፦ ነጭና ጥቁር

ከላይ የተጻፈውን በአክብሮት አነበብኩ፤ ግን እኔ የጁቬንቱስ ደጋፊ ነኝና በዚህ ጉዳይ ላይ ያለኝ ስሜት የመረረ ነው።

ማሲሚሊያኖ አሌግሪ ከ2014 እስከ 2019 ባሠለጠነን አምስት ዓመታት አምስት ጊዜ ተከታታይ የሴሪ አ ሻምፒዮን አድርጎናል፤ ለሻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜም ሁለት ጊዜ አድርሶናል። ያኔ የተሰናበተው ባለመሳካቱ አልነበረም፤ ክለቡ የተሻለ ውበት ያለው ጨዋታ ፈልጎ ነው። ከዚያ በኋላ ማውሪሲዮ ሳሪ መጣ፤ ሊጉን አንስቶም አንድ ዓመት ብቻ ቆየ። አንድሬያ ፒርሎ መጣ፤ እርሱም አንድ ዓመት ብቻ። በሜይ 2021 ደግሞ ወደ አሌግሪ ተመለስን። ይህን ቅደም ተከተል በደንብ ይዩልኝ፤ ክለቡ ውበትን ፍለጋ ወጥቶ፣ መንገዱ ሲጠፋው ወደ ለመደው በር ነው የተመለሰው። አሌግሪን የጠራነው ለአዲስ ሥራ አልነበረም፤ የራሳችንን ስህተት እንዳልተፈጸመ ለማድረግ ነበር።

ሰውየው የተረከበው ቡድን ግን የ2015ቱ አልነበረም። የአማካይ ክፍላችንን ያስጌጡት ፖል ፖግባ፣ አርቱሮ ቪዳልና ፒርሎ ከሄዱ ቆይተዋል፤ ክሪስቲያኖ ሮናልዶም በኦገስት 2021 ገና ውድድሩ ሲጀመር ለቀቀ። በመጀመሪያው ዓመት ያለ አንድ ዋንጫ ጨረስን። በሁለተኛው ዓመት በክለቡ የሒሳብ ጉዳይ ምክንያት 10 ነጥብ ተቀነሰብን፤ በዚያ ትርምስ ውስጥ ቡድኑን አንድ አድርጎ ያቆየው እርሱ እንደነበር ልክደው አልችልም። በሦስተኛው ዓመት ደግሞ ኮፓ ኢታሊያን አነሳልን፤ በፍጻሜው ምሽት ከዳኞቹ ጋር ተጋጭቶ በቀይ ካርድ ወጣ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ክለቡ አሰናበተው። ዋንጫ ይዞ የተሰናበተ ሰው ሳስብ ደስታው የትኛው፣ ሐዘኑ የትኛው እንደሆነ እኔም እንደ እርስዎ መለየት ያቅተኛል።

አዎ፣ የሚሳካላቸው አሉ። ካርሎ አንቸሎቲን ሪያል ማድሪድ በ2015 አሰናብቶ በ2021 ሲመልሰው፣ በመጀመሪያው ዓመት ላሊጋውንም ሻምፒየንስ ሊጉንም አመጣ፤ በ2024ም ሁለቱን ደገማቸው። ግን አንቸሎቲ ሲመለስ ቪኒሲዩስ ጁኒየርና ሮድሪጎ ለማደግ ተዘጋጅተው ይጠብቁት ነበር፤ ሉካ ሞድሪችና ካሪም ቤንዜማም ገና አልደከሙም ነበር። ዚኔዲን ዚዳን ከሁለት ዓመት በፊት፣ ሮናልዶ በሌለበት በማርች 2019 ሲመለስ ግን አንድ ላሊጋ አንስቶ፣ በ2021 ክለቡ እንደሚፈልገው አላመነብኝም የሚል ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ ሄደ። ሁለቱም በዚያው ክለብ፣ በተመሳሳይ ፕሬዝዳንት ሥር ነው የሠሩት። ስለዚህ እኔ ክለቤ የድሮ አሰልጣኝ ሊመልስ ነው የሚል ዜና ስሰማ ስለ ሰውየው አልጠይቅም፤ ማን እንደሚጠብቀው ነው የምጠይቀው።


መልስ፦ የሙኒክ ወዳጅ

አጭር ነገር ልጨምር። እስካሁን የተነገሩት ሁሉ ሰውየው ያው ሆኖ እንደሚመለስ አድርገው ነው የሚናገሩት። ዩፕ ሄይንከስ በባየርን ሙኒክ አራት ጊዜ ሠርቷል። በ1991 ተሰናበተ፤ ያኔ የክለቡ ሥራ አስኪያጅ የነበረው ኡሊ ሄኔስም ያንን ስንብት በሕይወቱ ከሠራቸው ስህተቶች ትልቁ ብሎ በኋላ በይፋ ተናግሯል። በ2009 ለአምስት ጨዋታ ብቻ መጣ፤ በ2011 እንደገና ተመለሰ። በ2012 በገዛ ሜዳችን የሻምፒየንስ ሊጉን ፍጻሜ በፍጹም ቅጣት ምት ስንሸነፍ (ጠያቂው ያንን ምሽት በሌላ ስሜት ያስታውሱታል) ብዙዎቻችን አበቃለት ብለን ነበር። በተከታዩ ዓመት ሊጉን፣ የጀርመን ዋንጫንና ሻምፒየንስ ሊጉን በአንድ የውድድር ዘመን ሰበሰበ። በ2017 ከጡረታ ሲጠራም 72 ዓመቱ ነበር፤ ሊጉን አንስቶ ሄደ።

በመጀመሪያው ቆይታው የነበረው ሄይንከስ ቶሎ የሚቆጣ፣ ከተጫዋቾች ጋር የሚጋጭ ሰው ነበር ይባላል፤ ሲመለስ ያየነው ግን ተቀያሪ ወንበር ላይ የተቀመጠውን ተጫዋች እንኳ ሊያስከፋ የማይፈልግ ሰው ነው። በሌሎች አገሮችና ክለቦች ሃያ ዓመት ሠርቶ፣ ተሸንፎም ተምሮም ነበር። ሞሪንሆም በስድስት ዓመት ውስጥ ከኢንተር ጋር በ2010 ሦስት ዋንጫ አንስቶ፣ ማድሪድ ውስጥ ከተጫዋቾቹ ጋር ተጋጭቶ ነበር የመጣላችሁ። በእኔ ግምት ጥያቄው ምን ተምሮ ተመለሰ የሚለው ነው።


መልስ፦ የጉዲሰን ልጅ

የኤቨርተን ደጋፊ ነኝ። ዴቪድ ሞይስ በ2002 ሲመጣ የሕዝብ ክለብ ነን ያለን ሰው ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ቆይቶ በ2013 ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ ሄደ። መሄዱን ይቅር ብለን ነበር፤ ሌይተን ቤይንስንና ማርዋን ፌላይኒን ሊወስድብን ባቀረበው ዋጋ ግን ክለባችን ራሱ በይፋ የተቆጣበት ጊዜ ነበር። በኤፕሪል 2014 በሜዳችን በጉዲሰን ፓርክ ሁለት ለዜሮ ስናሸንፈው፣ ያ ጨዋታ በዩናይትድ የመጨረሻው መሆኑ ሲታወቅ፣ በሰው ውድቀት መደሰት አግባብ አለመሆኑን እያወቅሁ ተደስቻለሁ።

በጃንዋሪ 2025 ሲመለስ ከወራጅ ቀጠናው በአንድ ነጥብ ብቻ ርቀን 16ኛ ነበርን፤ ጉዲሰን ፓርክም የመጨረሻዋን ግማሽ ዓመት እያገባደደች ነበር። ወደ ኋላ መመለስ ነው፣ ክለቡ ሐሳብ አልቆበታል ብዬ ነበር። በ48 ነጥብ 13ኛ ሆነን ጨረስን። የወንዶቹ ቡድን ከዚያ አሮጌ ሜዳ ሲሰናበት፣ ሜዳውን አሥራ አንድ ዓመት የኖረበት ሰው በወንበሩ ላይ መኖሩ ትክክል መሆኑን የገባኝ ያን ዕለት ነው። ቂሜ የት እንደሄደ አላውቅም፤ ብቻ ስፈልገው አጣሁት።


ጠያቂ፦ ሰማያዊ ልብ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቁጥር ስምንት ስለ ራኒየሪ የጻፍከውን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት፤ እኔም በዚያ ምሽት ስሙን ካላነሱት አንዱ ነበርኩ።

ቀዩ ደጋፊ ስለ አወጣጥ ያነሱት ነገር ልቤን ነክቶታል፤ ከአንድ ነገር በስተቀርም እስማማለሁ። ሞሪንሆ ከተሰናበተ በሁለተኛው ቀን ሰንደርላንድን ሦስት ለአንድ ስናሸንፍ፣ በስታምፎርድ ብሪጅ የተሰበሰበው ደጋፊ የእርሱን ስም እየዘመረ ፋብሪጋስንና ኮስታን ይጮኽባቸው ነበር። እኔም የዚያን ቀን ከደጋፊው ጋር ነበርኩ፤ በልቤ። ከሰባት ወር በፊት ሻምፒዮን ያደረጉንን ልጆች ከሃዲ ብለን ስንሰድብ፣ ተከዳሁ ያለው ሰው ቃል በእኛ አፍ እየተነገረ መሆኑን አላስተዋልኩም። ስለዚህ አወጣጡን ያበላሸው እርሱ ብቻ ነው ብዬ ለመናገር አልደፍርም፤ እኛም ነበርንበት።

ከዚያ ደግሞ በ2016 ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ ሄደ። በማርች 2017 በኤፍ ኤ ካፕ ጨዋታ ወደ እኛ ሜዳ ሲመጣ ይሁዳ ብለን ጮኽንበት፤ እርሱም ሦስት የሊግ ዋንጫ ያመጣሁላቸው እኔ ነኝና፣ አራት የሚያመጣ እስኪያገኙ ድረስ አንደኛው ይህ ይሁዳ ነው ብሎ መለሰ። በዚያ ምላሽ ተቆጥቼ ነበር። የተናገረው ቁጥር ግን እውነት ነበር፤ ከሦስቱ አንዱን ያመጣው ደግሞ አሁን ባይመለስ ይሻል ነበር ወይ ብዬ በምጠይቅበት በሁለተኛው ቆይታው ነው።

ስለ ላምፓርድ ግን ቁጥር ስምንት ቀንበሩን ከእርሱ ላይ አንስተህ ባለቤቶቹ ላይ ስታደርገው እፎይ ብያለሁ። አንድ ነገር ልጨምር ብቻ። በሴፕቴምበር 2014 ላምፓርድ ለማንቸስተር ሲቲ ተቀይሮ ገብቶ በእኛ ላይ ግብ ሲያስቆጥር፣ እጁን አላነሳም፤ አልተደሰተም። የእኛ ወገን ደጋፊዎች ከጨዋታው በኋላም ስሙን ዘመሩለት። በዚያን ቀን በእኛ ወንበር የነበረው ሞሪንሆ ነው። ሁለቱ ሰዎች በተቃራኒ ወገን ቆመው፣ ሁለቱም የእኛ የነበሩበትን ያንን ከሰዓት በኋላ ሳስታውስ የትኛውን ግብ እንደፈለግሁ እንኳ አላውቅም።

በሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 ሞሪንሆ የቤንፊካ አሰልጣኝ ሆኖ በሻምፒየንስ ሊጉ ወደ ስታምፎርድ ብሪጅ መጣ። አንድ ለዜሮ አሸነፍነው። ደጋፊው ስሙን ዘመረለት፤ እርሱም አጨበጨበ። እንዲመለስ አልፈለግሁም፤ ዛሬ ለሦስተኛ ጊዜ ይምጣ ተብሎ ድምፅ ቢሰጥ አይሆንም እላለሁ። ግን መዝሙሩ በቴሌቪዥኑ ሲሰማ እኔም ከመቀመጫዬ ተነስቼ አብሬ ዘመርኩ።